አመድ ውስጥ መቀበር የነበረበት ብረት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በገዛ ግቢዬ ውስጥ ጮህኩ። የምጮህ ሰው አይደለሁም። ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ደንግጣ ወጥታ ምን ሆንሽ ብላኛለች።

የልጄ ልጅ ምህረት ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከወጣች ሁለት ዓመት ሆናት። እዚህ ቦንጋ ውስጥ ማስታወቂያ የተለጠፈበትን ሰሌዳ ሁሉ ስታነብ ከረመች። መጠበቁ ሲሰለቻት ከጅማ አንድ ያገለገለ የብየዳ ማሽን ይዛ መጣች፤ ከተማሪ ቦርሳ አይበልጥም። ቲግ የሚሉትን ብየዳ ልትጀምር ነው። የሚያዝበትን እጀታ ለብቻው ከሌላ ሰው አገኘች፤ ጋዙ በአውራ ጣት ተዘውሮ የሚከፈትበት ርካሹ ዓይነት ነው። አርጎን የሚባለውን ጋዝ ሲሊንደሩን ከነምኑ የሚያውሳት አንድ የበርና መስኮት ሠራተኛ ነው፤ እሱ በማይሠራበት ቀን በባጃጅ ታመጣዋለች፣ በባጃጅ ትመልሰዋለች። የምትለማመድበትን ቁርጥራጭ ብረት ከእሱው ደጃፍ ትለቅማለች። መነጽሩ ብቻ አዲስ ነው። እሱን እኔ ገዛሁላት።

በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ጫፉ እንደ እርሳስ የተሳለውን ቀጭን ዘንግ ብረቱ ላይ ጫር ታደርገዋለች፤ ይጣበቅባታል፤ ትነቅለዋለች፤ እንደገና ትስለዋለች። ግማሽ ቀኗ በመሳል ያልቃል።

«የሚጨመረው ሽቦ የታለ?» አልኳት።

«ሽቦው ውድ ነው እማማ። መጀመሪያ ብረቱን በራሱ ማቅለጥ ልልመድ። ደግሞ ዞር በይ፣ ዓይንሽን ያጠፋዋል።»

«ዞሬያለሁ።»

«ዞረሽማ በመስኮቱ መስታወት እያየሽ ነው።»

አልተሳሳተችም። እሳቱ በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ይታየኝ ነበር። ይኼኛው ብየዳ ብዙም ጭስ የለውም። የዚያን ቀን ግን የብረቱን ጠርዝ ቀለሙን በደንብ ሳትፍቀው ቀርታ ኖሮ የተቃጠለ ቀለምና የጋለ ብረት ሽታ እስከ በረንዳው መጣ። ስትጨርስ እጇን ሳታነሳ ጋዙ እንዲነፍስበት ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ብረቱን በፒንሳ አንስታ ወደ ባልዲው ዞረች። ያን ጊዜ ነው የጮህኩት።

«ውሃ አታስነኪው!»

ቆመች። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋችው። «ምን ሆንሽ? ተራ ላሜራ እኮ ነው፤ ምንም አይሆንም» አለችና ነከረችው። ጭስስ አለ። ምንም አልሆነም። «አየሽ?»

«አየሁ።»

ወደ ቤት ስገባ ተከተለችኝ። «ስለ ብየዳ ማን ነግሮሽ ነው?»

«አባቴ።»

«አባትሽ ገበሬ አልነበረም እንዴ?»

«አልነበረም» አልኩ። ከዚያ በላይ በአፌ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ፤ የዚያን ክረምት ብቻ።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ይህን ቃል ዛሬ ልጆች ሲሉት እንደማንኛውም የሥራ ስም ነው። በእኔ ልጅነት፣ በእኛ አገር፣ ከአባቴ ዶማ የሚገዛ ሰው ቤታችን አይገባም ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጣራል፤ ዶማው ይወጣለታል፤ ይሄዳል። እኛም ሰው ቤት ስንሄድ ውጭ እንቆማለን። የሚበላ ከተሰጠን በኮባ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ከተበላበት በኋላ ይጣላል። ቤታችን ከከተማው በታች፣ ወንዙ ዳር ነበር። ከእኛ ወዲያ ጫካ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ የምረዳው በራሴ መንገድ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ዘውዴ ከሌላ አገር የመጡ ነጋዴ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ጥሩነሽ አጥሩ ላይ በሚስማር የተንጠለጠለች የቆርቆሮ ጣሳ ነበረቻቸው። እህል ልናስፈጭ ስንሄድ ውሃ የምንጠጣው በእሷ ነው። ከእኛ በቀር ማንም አይነካትም። እኔ ደግሞ ቤታችን ስድስት ሆነን በአንድ ቅል ስለምንጠጣ፣ እትዬ ጥሩነሽ ስለሚወዱን ለብቻችን ጣሳ ያስቀመጡልን ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሌላ ልጅ ሊጠጣባት እጁን ሲዘረጋ «የእኛ ናት! ተዋት!» ብዬ ቀማሁት። እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ። ፊቷን አይቼ ያጠፋሁት ስስታም በመሆኔ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሥራዬ ሁለት ነበር፤ ወናፍ መንፋትና ውሃ። አባቴ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ ከመስፉ ላይ ሲያነሳና ወደ እኔ ሲዞር ከእንጨቱ ገንዳ በቅል ቀድቼ አፈስበታለሁ። ትንሽ ሳለሁ «ውሃ!» ይለኝ ነበር። አስር ዓመት ሲሞላኝ ማለቱን ተወው። የጉጠቱን ድምፅ ስሰማ እጄ ቅሉ ላይ ነው።

በዚያ ክረምት መጀመሪያ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረው የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ሊነሳ ሆነ። እዚያ ጋሽ በላቸው የሚባሉ መካኒክ ነበሩ። አባቴን የተሰበረ ነገር ለማስቀጥቀጥ ይፈልጉት ነበር። ቤታችን ገብተው የተቀመጡ የመጀመሪያው እንግዳ እሳቸው ናቸው። ጎንበስ ብለው በበሩ ገብተው ግንዱ ላይ ቁጭ ሲሉ እናቴ ቆጮውን ይዛ የት እንደምታኖረው ጠፋት። ተቀብለው በሉ። «ጨው አነሰው» አሉ። እናቴ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ሰው ጨዋነት ሲወራ እሳቸውን ትጠቅስ ነበር።

ጋሽ በላቸው አርጅተው ወደ አገራቸው መግባታቸው ነበር። የጋዝ መበየጃቸውን ለአባቴ ተዉለት፤ አባቴም ያለችንን አንዲት ጊደር ሰጣቸው። እናቴ ጊደሯ ስትነዳ ከጓሮ አልወጣችም።

መበየጃው ይህን ይመስል ነበር። አፉ የጠቆረ የነሐስ እጀታ፤ ሦስት ቦታ በጨርቅና በሽቦ የታሰረ ጎማ፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ የግፊት መቁጠሪያ፤ አንዱ ዓይኑ የተሸረፈ ጥቁር መነጽር። ከጅማ ወዲህ የማይሞላ፣ ግማሹ ያለቀ የኦክስጅን ሲሊንደር። ሌላውን ጋዝ አባቴ ራሱ ከአሮጌ በርሜል በሠራው ነገር ውስጥ ያወጣዋል፤ ካርባይድ የሚባለው ግራጫ ድንጋይ ውሃ ሲነካው ይንተከተክና የሚነድ ጋዝ ይሰጣል። ያን በርሜል ከቤት አርቆ ከሾላው ሥር አኖረው። ወደዚያ እሳት ይዞ የሄደ ልጅ ወዮለት።

ድንጋዩ በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሽታው የነጭ ሽንኩርት ነው፤ ግን የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት። ትምህርት ቤት ልጆች ከሰል ከሰል ትሸቻለሽ ይሉኝ ነበርና ያ ሽታ ሲመጣ ደስ አለኝ። ከሰል ያልሆነ ማንኛውም ሽታ ለእኔ የከተማ ሽታ ነበር። አንድ እሑድ እንደ ባቄላ የምታህል ፍንካች ሰርቄ በቀሚሴ ኪስ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የቦንጋ ክረምት የታወቀ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደ። ኪሴ መጮህ ጀመረ፤ እንደ ጠላ ፈላ፤ ጭኔን አቃጠለኝ፤ ሽታው ከፊቴ ይሄዳል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው መንገድ ለቀቁልኝ። አንዷ «ደግሞ ምን ጀመራቸው?» ስትል ሰማሁ። ቤት ስመለስ አባቴ የተበሳውን ኪስ ገልብጦ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክረምት ሳቀ።

«ሻማ የያዘ ሰው አጠገብሽ ቢኖር ኖሮ ቅዳሴው ባንቺ ያልቅ ነበር» አለ። ከዚያ ፊቱ ተመለሰና «ሁለተኛ እንዳትነኪ» አለኝ።

ጋሽ በላቸው ከመሄዳቸው በፊት ሁለት እሑድ አስተማሩት። እኔ ጀርባዬን ለእሳቱ ሰጥቼ እንድቆም ታዘዝኩ፤ መነጽሩ አንድ ነው። ስለዚህ ያ ትምህርት ለእኔ ድምፅና ግድግዳው ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ ነው።

«አትቸኩል። በአንድ እጅህ እሳቱን፣ በሌላው ሽቦውን። መጀመሪያ የቀለጠው ብረት ኩሬ ሠርቶ ይታይህ። ኩሬው ሳይመጣ ሽቦ አትስጠው።»

«መጣ።»

«እየሰፋ ነው፤ ሂድ። ሂድ እንጂ! በሳኸው።»

«በሳሁት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ብረት መምታት ነው የለመድከው። ይህ አይመታም፤ ይጠበቃል።»

አባቴ ሰፊ ትከሻ ነበረው። ቀኝ እጁ ከግራው ይወፍራል። ያንን እጅ እንደ ጸሐፊ እጅ ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ ከመዶሻው ይልቅ ያደክመው ነበር። ኦክስጅኑን ላለመጨረስ ብዙውን ጊዜ የሚለማመደው እሳቱን ሳይለኩስ ነው። ባዶውን እጀታ በአንድ እጁ፣ የአጥር ሽቦ በሌላው ይዞ፣ ሁለት ቁራጭ ብረት ላይ አጎንብሶ፣ በምንም ላይ ምንም ሳይጨምር ወደፊት ይሄዳል። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ታየዋለች። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ «አባባ ምን እየሠራ ነው?» ብትላት «እየጻፈ ነው» አለቻት። ቀልድ መሆኑን አላወቅሁም። አባቴ ፊደል ስለማያውቅ በብረት መጻፍ ተማረ ብዬ ለጓደኛዬ ነገርኳት።

ቀስ በቀስ ተሳካለት። የብስክሌት ሹካ በየደ። የአንድ ሸክላ ነጋዴ የበቅሎ እርካብ በየደ። ሰዎቹ ግን አሁንም ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነበር የሚጠብቁት። ዝናብ እየመታቸው።

ሐምሌ ሲጋመስ የአቶ ዘውዴ ወፍጮ ቆመ። የሞተሩ አንድ እግር ተሰብሮ ሞተሩ ወደ ጎን ተንጋዷል። እግሩ ጋራዥ ቤቶች ጊዛ ከሚሉት፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከሚፈስ ብረት የተሠራ ነው፤ ጠንካራ ሆኖ ሳለ እንደ ገል የሚሰበር። መለዋወጫው ከጅማ ይመጣል፤ የጅማ መንገድ ደግሞ ጭቃ ስለበላው መኪና ካየን ሳምንታት አልፈዋል። በዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ሌላ ወፍጮ የለም። ሴቶች በድንጋይ መፍጨት ጀመሩ።

አቶ ዘውዴ ራሳቸው መጡ። ዣንጥላ ይዘው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ።

«ይህን ነገር ታጋጥመዋለህ ይሉኛል። እውነት ነው?»

«መሞከር እችላለሁ ጌታዬ።»

«መሞከርማ እኔም እሞክራለሁ። ይይዛል ወይ?»

አባቴ «ይይዛል» አለ።

«ከያዘ፣ ከወፍጮው ጎን ያለችውን ክፍል እሰጥሃለሁ። ዕቃህን እዚያ አምጣና ሥራ። ለእኔም ሞተሩ በተሰበረ ቁጥር አጠገቤ ትሆናለህ።»

ክፍሏ ዋናው መንገድ ላይ ናት። የአባቴ ሐሳብ ምን እንደነበር የዚያን ዕለት ማታ ከእናቴ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ። በራሳችን ቋንቋ ነበር የሚነጋገሩት፤ አማርኛው የገበያና የቢሮ ነው።

«እዚያ ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ» አላት።

«ይቀመጣሉ ብለህ ነው?»

«ለብየዳ የመጣ ሰው የት ይቆማል? ዋና መንገድ ላይ ነው፤ አላፊ አግዳሚ ይገፋዋል። ይገባል።»

«ከገባስ?»

«ከገባማ አግዳሚ ወንበር አለ።»

በማግስቱ አግዳሚ ወንበር ሲጠርብ አየሁት። ገና ክፍሉ አልተሰጠውም። ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ፣ እግሩ እኩል የሆነ ወንበር ነበር። ያን ወንበር ስመለከት አባቴ የሚፈልገውን በሙሉ ያወቅሁ መሰለኝ። ሰው እንዲቀመጥለት ነበር የሚፈልገው።

ከሞተሩ የተፈታውን እግር፣ ለሁለት እንደተሰበረ፣ ሁለት ሰዎች ተሸክመው አመጡት። አባቴ ሥራውን እኛ ቤት መሥራት አለብኝ አለ፤ መጀመሪያ በከሰል ፍም ላይ ቀስ ብሎ መጋል አለበት። ይህን ጋሽ በላቸው ነግረውታል። የተሰበረበትን ጠርዝ ቀኑን ሙሉ በሞረድ ጋጠው፤ ዝገት የሚባል አላስቀረም። የሚጨምረው ሽቦ የአጥር ሽቦ አልነበረም፤ ከአሮጌ ሞተር ፒስተን ላይ የወጣ የጊዛ ቀለበት ሰባብሮ አዘጋጀ፤ የብረቱ ዘመድ መሆን አለበት አለ። በስተመጨረሻ ጉድጓድ ቆፍሮ ሙቅ አመድ ሞላበት። ጊዛ ተበይዶ እንዳለቀ አመድ ውስጥ ተቀብሮ እስከ ማግስቱ በዝግታ መቀዝቀዝ አለበት። ድንገት ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል።

ይህን ሁሉ አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ስለ አመዱ ማንም አልነገረኝም። ጉድጓዱ ከውሃ ገንዳው አጠገብ ነበር፤ ሲሞላው አይቻለሁ፤ እናቴ ቆጮ ልትጋግርበት ነው ብዬ ነበር የገመትኩት። አባቴም ለእኔ መንገር እንዳለበት አልታየውም። እኔ የእጁ ክፍል ነበርኩ፤ ሰው ለእጁ አይነግረውም።

አቶ ዘውዴና አራት ሰዎች ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከደጅ ቆሙ። አልገቡም። ዝናቡ ከሣሩ ጫፍ እየተንጠባጠበ ጫማቸውን ይመታል።

ወናፉን ነፋሁ። እግሩ ቀልቶ ሲያበቃ አባቴ «በቃ፤ ጀርባሽን ስጪ» አለኝ። ሰጠሁ። እሳቱ ጷ ብሎ ተቀጣጠለ። ከዚያ ያ ረጅም የማያቋርጥ ፉጨት። የአባቴ ጥላ በግድግዳው ላይ ትልቅ ሆኖ አጎንብሷል፤ ሁለቱ እጆቹ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ። ለረጅም ጊዜ ሌላ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከውጭ አንዱ «ተኛ እንዴ?» ሲል ሌላው «ዝም በል፣ ይሰማሃል» አለው። ከዚያ ፉጨቱ እየሳሳ ሄደ፤ ኦክስጅኑ ማለቁ ነበር። አባቴ «ደረሰ» አለ፤ ለራሱ ነበር የተናገረው። እሳቱ ጠፋ።

ጉጠቱ ብረቱን ሲነክስ ሰማሁ። ዞርኩ። አባቴ እግሩን ይዞ ወደ እኔ ዞሯል፤ ብረቱ ብርቱካን መስሏል፤ ስፌቱ ንጹሕና ድርብርብ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ሆኖ ተኝቷል። እጄ ቅሉ ላይ ነበር።

አፈሰስኩ።

«አ—» አለ አባቴ። እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው። በእንፋሎቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ አጭር፣ የብርጭቆ ጠርዝ በጥፍር ሲመታ የሚሰማ ዓይነት። ደስ የሚል ድምፅ ነበር። የሥራው ማለቂያ ይሆናል ብዬ አባቴን ቀና ብዬ አየሁት።

እንፋሎቱ ሲገለጥ ብረቱን እንደያዘ ቆሟል። ስፌቱ አልተነካም። ከስፌቱ አጠገብ ግን ፀጉር የመሰለ ጥቁር መሥመር መሐል ለመሐል ወጥቶ በቡሎን ቀዳዳው በኩል አልፏል።

«ምንድነው የጮኸው?» አሉ አቶ ዘውዴ ከደጅ።

አባቴ በቋንቋችን፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ወደ ጓዳ ግቢ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ በአማርኛ፦

«ተሰነጠቀ ጌታዬ። ውሃ አስነካሁት።»

«ማን? አንተ ራስህ?»

«እኔ ራሴ። እጄ ለምዶ።»

ከሰዎቹ አንዱ «ድሮስ! ቀጥቃጭ ከውሃ ገንዳው ይለያል እንዴ?» አለና ሳቁ። አቶ ዘውዴ አልሳቁም። «በል እንግዲህ» ብቻ አሉ። ተሸካሚዎቹ ብረቱን ሊያነሱ ሲመጡ አባቴ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ ዘንድ ለመናቸው፤ እንዳያቃጥላቸው። ጠበቁ። ደጅ ቆመው። እንደገና ለመበየድ ኦክስጅን አልነበረም፤ የመቁጠሪያው ቀስት ዜሮ ላይ ወድቋል።

ወፍጮው መንገዱ እስኪደርቅ ድረስ ቆመ። በድንጋይ የሚፈጩ ሴቶች በቤታችን በኩል ወደ ወንዝ ሲወርዱ መዳፋቸውን እያሳዩ ይናገሩ ነበር። አባቴ «ውሃ» የሚል ስም ወጣለት። ገበያ ሲወጣ ልጆች ከኋላው «ውሃ! ውሃ!» ይላሉ። ወንበሩ ውጭ ቀረ፤ ዶሮዎች ሰፈሩበት።

ከእኔ ጋር አልተነጋገረም። አልመታኝም፤ አልተቆጣኝም፤ አላየኝም። እኔ ቁጣው እየተጠራቀመ ነው ብዬ ጠበቅሁ። በተነሳ ቁጥር ይኸው አሁን ነው እያልኩ ጀርባዬን አጠብቅ ነበር። ያን ዝምታ ቁጣ አድርጌ ማንበቤ ስህተት መሆኑን ለማወቅ እኔም ራሴ መድከም ነበረብኝ። አባቴ ደክሞት ነበር። ሌላ ነገር አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ ወደ ዶማው ተመለሰ። ወናፉን ነፋሁለት። ዶማው ጋለ፤ ተቀጠቀጠ፤ ጉጠቱ ነከሰው፤ አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እጄ ቅሉን ይዞ አልነሳ አለ። አባቴ ቆሞ ጠበቀ። ብረቱ ከቀይ ወደ ጥቁር እየወረደ ነበር። እንደዚያ ከቀዘቀዘ እንደገና መጋል አለበት፤ ከሰል ይባክናል። አንድ ጊዜ ወደ ፍሙ መልሶ አጋለውና እንደገና ወደ እኔ ዞረ።

«አፍሺ» አለ ቀስ ብሎ። «ይኼኛው ውሃ ይወዳል።»

አፈሰስኩ። ስለዚያ ቀን በመካከላችን የተነገረው ይህ ብቻ ነው። እናቴ እንኳ ያፈሰስኩት እኔ መሆኔን ታውቅ እንደሆነ አላውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ለአምስተኛ ክፍል ልመዘገብ አባቴ ይዞኝ ሄደ። ከዚያ በፊት የሚያስመዘግበኝ አጎቴ ነበር። በዚያ ዓመት አባቴ እኔ እወስዳታለሁ አለ። ልብሱን አጥቦ፣ እግሩን ወንዝ ላይ በድንጋይ ፈትጎ፣ ከመስኮቱ ፊት ከወላጆቹ ጋር ተሰለፈ። ከፊታችን ያለው ሰው ዞር ብሎ አየንና አንድ እርምጃ ወደፊት ተጠጋ።

ጸሐፊው ለከተማው አዲስ፣ ወጣት ልጅ ነበር። ቀና ሳይል ይጠይቃል።

«የተማሪ ስም?»

አባቴ ነገረው።

«ዕድሜ?»

ነገረው።

«የአባት ሥራ?»

አባቴ ቆቡን በሁለት እጁ ይዟል። «በያጅ» አለ።

«ምን?»

«በያጅ። ብረት በእሳት የሚያጋጥም።»

ከኋላችን አንድ ሰው «የአቶ ዘውዴን ወፍጮ የበየደው እኮ እሱ ነው!» አለ፤ ሰልፉ ሳቀ። ጸሐፊው ምን እንዳሳቃቸው ባያውቅም አብሮ ፈገግ አለ። ወደ ሰውየው አንገቱን አወጣ፤ ሰውየው በጆሮው ነገረው። ጸሐፊው «እንዲህ በላ» ብሎ ጻፈ። የምዝገባዋን ትንሽ ወረቀት ማኅተም መትቶ በመስኮቱ አወጣልን።

አባቴ ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጣን። ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ ከእኛ በቀር ሰው እንደሌለ አይቶ ቆመ።

«አነበብሽው?»

«አዎ።»

«ሥራ ያለበት ላይ ምን ይላል?»

ወረቀቱ ላይ የነበረው ጽሕፈት ግልጽ ነበር። ቀጥቃጭ ይላል።

«በያጅ ይላል» አልኩት።

እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊደሎቹ ላይ አጎንብሶ፣ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሁለት ጊዜ አጥፎ መለሰልኝ።

«አንቺ ያዢው» አለኝ። «ለማንም ግን እንዳታሳዪ።»

ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወረድን።